የሾላ ምንጭ የሥጋት መዝገብ

አያ እንዳለውን መንገድ ላይ አግኝቶ «እንደምን አደሩ» ያለ ሰው መልስ ከማግኘቱ በፊት ከእግር እስከ ራሱ ይመዘናል። «ይሄ ሰውዬ ዛሬ ምን ፈልጎ ነው ሰላም ያለኝ?» ይላል እንዳለው በሆዱ። «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱንም ቆጥቦ። ዶሮ ሲሸጥ የገዢውን የአባት ስም ይጠይቃል። ልጁን ትሕትናን ሊድር ሲል የሙሽራውን ዘር ማንዘር ለማጣራት ሦስት ጊዜ በእግሩ ፈረስ ቤት ከተማ ድረስ ወጥቷል። ያ ሁሉ ተጣርቶ ትዳሩ በአራተኛ ዓመቱ ፈረሰና ትሕትና ሕፃን አዝላ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ሌላ ሰው ቢሆን ማጣራት ብቻውን እንደማይፈይድ ይገባው ነበር። እንዳለው ግን «አራተኛ ጊዜ መሄድ ነበረብኝ» አለ።

መንደሩ ከማንኩሳ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። እዚያ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር» ተብሎ በተተረተ ቁጥር ሰው ሁሉ ዞር ብሎ እንዳለውን ያያል። እሱም መልሶ ያያቸዋል። አይስቅም።

ያን ዓመት ግን የሚፈራለት ነገር ነበረው። ሰው የሚጠጣበት ሾላ ምንጭ ከዳገት ሥር ነው የሚፈልቀው። ዳገቱ ላይ እንዳለው ትሕትናን በዳረ ዓመት የገብስ ማሳውን ትቶ የተከለው ባሕር ዛፍ አለ፤ ስድስት መቶ ግንድ። ልጁ ተመልሳ የመጣች ዕለት፣ «ከግቢየ ጎን የራስሽን ቤት እሠራልሻለሁ። ማንም ገፍቶ አያስወጣሽም» ብሎ ምሎላታል። ቤት ያለ ቋሚ አይቆምም፤ ቋሚው ደግሞ ያ ባሕር ዛፍ ነው። ለማገር ደርሷል፣ ለቋሚ ግን ሁለት ክረምት ይቀረዋል። እስከዚያ ትሕትና በአባቷ ጎጆ ውስጥ ሕፃኗን አቅፋ መደብ ላይ ትተኛለች። ልጁ ሲነጫነጭ «ዝም በል፣ አባባን እንዳትረብሽ» ስትለው እንዳለው ይሰማታል። እንግዳ ሆና መኖሯ አንጀቱን ይበላዋል።

እና በጥር መጀመሪያ አንዲት ሕሊና የምትባል ወጣት የውኃ መሐንዲስ ከፍኖተ ሰላም መጣች። ጀሪካን ምንጩ ሥር ደቅና በስልኳ ሰዓት ያዘች። ጀሪካኑ አልሞላ ብሎ ብዙ ቆየ። እሷም ቀና ብላ ባሕር ዛፉን አየችው፤ ረዘም አድርጋ አየችው። አንድም ቃል ሳትናገር ማስታወሻዋን ዘግታ ሄደች። እንዳለው ከአጥሩ ሥር ሆኖ ይህን ሁሉ አይቷል። ተናግራ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ ለተነገረ ነገር መልስ አይጠፋም።

ብዙም ሳይቆይ መልእክት መጣ። ምንጩ በሲሚንቶ ሊታነጽ፣ ውኃውም በቧንቧ ወርዶ ቦኖ ሊሠራለት ነው። ሥራው ሳይጀመር ግን ሕዝቡ ጥር ሃያ አንድ፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ተሰብስቦ ሥራው እስከ የት እንደሚደርስ፣ ምን ሊያሰናክለው እንደሚችልና ማን ምን እንደሚሠራ ተወያይቶ በጽሑፍ ይፈርማል። ሌላው ሰው «ውኃ ሊመጣ ነው» ብሎ እልል አለ። እንዳለው የሰማው «እስከ የት» የሚለውን ብቻ ነው። ከዓመታት በፊት ለእርከን ሥራ ተብሎ ከማሳው ግርጌ ግማሽ ቃዳ መሬት ሄዶበታል። ያን ጊዜም ስብሰባ ነበር፣ ያን ጊዜም ወረቀት ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። በዋዜማው ብቻውን ወረደና ከምንጩ ዓይን እስከ መጀመሪያው ባሕር ዛፍ በእርምጃ ለካ። አርባ ሁለት ሆነ። ተመልሶ ደግሞ ለካው።

በማርያም ዕለት ጎረቤቱ ወልደ ዮሐንስ በራፉ ላይ ቆሞ ጠበቀው። «አብረን እንውረድ እንጂ» አለው፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ።

«ምነው? መንገዱ ጠፋህ?» አለው እንዳለው።

ወልደ ዮሐንስ ሳቀና አብሮት ወረደ። ስለ ጤፉ አወራ፣ ስለ ልጁ ክርስትና አወራ፣ ስለ ምንጩ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ስለ ምንጭ ለመነጋገር እየወረዱ ስለ ምንጭ የማይናገር ሰው ጤነኛ ነው? እንዳለው ይህንንም መዝግቦ ያዘው።

ሕዝቡ ከሾላው ሥር ተቀምጧል፤ ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላው። የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ኃይለ ሚካኤል ከሕሊና ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ትሕትና ከእማሆይ አስካለ ማርያም ጋር ራስ ለራስ ገጥማ ስታንሾካሽክ ነበር፤ አባቷን ስታይ ቀና አለች። እንዳለው የሁሉንም ፊት ማየት ከሚችልበት ዳር ተቀመጠ።

«ቃለ ጉባኤ የሚይዝልን ጸሐፊ ያስፈልገናል» አለች ሕሊና።

«ትሕትና!» አለ ሕዝቡ በአንድ አፍ።

አሥራ ሁለተኛ የጨረሰች እሷ ስለሆነች ሌላ ሰው ሊመረጥ አይችልም ነበር። ይሁን እንጂ እንዳለው ጆሮው ቆመ። ይህ ሕዝብ በጉ ጥቁር ነው ነጭ ነው በሚለው እንኳ ሳይከራከር ተስማምቶ አያውቅም። «ልጄን ብዕር አስይዘው የእኔን አፍ ሊለጉሙ ነው» ሲል አሰበ።

ሕሊና ሥራው የሚያካትተውን ዘረዘረች፤ የምንጩን ግንባታ፣ ቧንቧውን፣ አንድ ቦኖ፣ የከብት ማጠጫ ገንዳና አጥር። ከዚያ ሥራው የማያካትተውን መዘርዘር ስትጀምር ሰዉ ተንጫጫ።

«የማትሠሪውን ደግሞ ምን ያስጽፍሻል፣ ልጀ?» አሉ ቄስ ኃይለ ሚካኤል። «እኛ እኮ ለቤተ ክርስቲያኑም አንድ ቧንቧ ብትቀጥይልን ብለን ነበር።»

«አባ፣ ለዚህ ነው የምጽፈው። ውኃው ለዚያ አይበቃም። ዛሬ ዝም ብዬ ነገ ብትጠይቁኝ ቃሌን የበላሁ እመስላለሁ። እንቢታዬን ከመጀመሪያው ስሙኝ ብዬ ነው።»

ንግግሯ እንዳለውን ደስ አሰኘው፤ ደስ ስላሰኘውም ጠረጠራት። እጁን አነሳ። «አጥሩስ? አጥሩ ከምንጩ ስንት እርምጃ ይርቃል?»

«ሠላሳ» አለች።

ሠላሳ። ባሕር ዛፉ አርባ ሁለት ላይ ነው። ትንፋሹ መለስ አለለት። ግን ወዲያው ሌላ ሐሳብ ገባው፤ ለምን ሠላሳ ሆነ? አጥሩ እንዳይነካው አድርገው የለኩት፣ ሌላ የሚነካው ነገር ቢያዘጋጁለት አይደል? ይህ ሰው ደስታውን እንኳ ሳይፈትሽ ወደ ቤቱ አያስገባም።

«እሺ» አለች ሕሊና። «አሁን ሥጋቶቹን እንጻፍ። ይህን ሥራ ምን ሊያበላሸው ይችላል?»

አንዲት ሴት አማተበች።

«ልጀ» አሉ ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሥራ ሲጀመር ይባረካል እንጂ ይሟረትበታል? በእኛ አገር ክፉውን በስሙ ጠርተን አናስቀድምም።»

«ማሳችሁ ላይ ማማ ትሠሩ የለም እንዴ፣ አባ? ማማ የሠራ ሰው ወፍ ጠራ ይባላል?»

ሰዉ ሳቀ። ቄሱም ጺማቸውን እየዳሰሱ፣ «ይህችስ መልስ አላት» አሉ። «በሉ እንግዲህ፣ ያያችሁትን ተናገሩ።»

ግን የተናገረ የለም። ሕሊና ጠበቀች። «እኔም ያየሁት አለ» አለች ቆየት ብላ። «እኔ ካስጻፍኩት ግን የእኔ ወረቀት ይሆናል፤ እኔ ስሄድ አብሮኝ ይሄዳል። ከእናንተ አፍ ነው የምፈልገው።»

ወንዶቹ በዱላቸው አፈር ይጭራሉ። ሴቶቹ የነጠላቸውን ጥለት ያያሉ። እንዳለው ፊቶቹን አንድ በአንድ አየ፤ አንዱ ወደ መሬት፣ ሌላው ወደ ጎን። ከመቶ ሰው አንድ እንኳ እሱ ወደተቀመጠበት አያይም። ይህ ነው ያስደነገጠው። ሰው ወደ ሁሉም አቅጣጫ እያየ ወደ አንድ ቦታ ብቻ ካላየ፣ ነገሩ ያለው እዚያ ነው። «ተመካክረዋል» አለ በልቡ። «አሁን አንዱ ይነሳና 'ባሕር ዛፉ' ይላል። የሚነሳው ደግሞ ወልደ ዮሐንስ ነው። ለዚህ ነው ጠዋት ጥርሱን ያሳየኝ።»

እንዳለው ስለ ባሕር ዛፉ አያውቅም ነበር ብል ዋሽቼ አስዋሻችኋለሁ። ድሮ አቡነ ዘበሰማያት ተደግሞ ሳያልቅ ምንጩ እንስራ ይሞላ ነበር። አሁን ሚያዝያ ላይ ውዳሴ ማርያም ተደግሞ፣ ከእመቤታችን ጋር ተኮርፎ፣ ተመልሶም ታርቆ ጀሪካን አይሞላም። ይህ የሆነው ባሕር ዛፉ ከሰው ቁመት በላይ ከሄደ ወዲህ ነው። እንዳለው ግን «ዘመኑ ከፋ፣ ዝናቡ ቀረ» ብሎ ዘመኑን ከሰሰና ተኛ። ሁሉን ሲጠረጥር የኖረ ሰው ራሱን የመጠርጠር ተራ አልደረሰውም። መንደሩም ሦስት ዓመት ሙሉ በሌለበት ሲያማው ከርሞ በፊቱ ትንፍሽ አላለም፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ቀድሞ የመታ አይመታም አለና ብድግ አለ።

«እኔ ልናገር» አለ። «ይህን ምንጭ የሚያበላሸው የወልደ ዮሐንስ ከብት ነው። በረቱን ከምንጩ አፍንጫ ሥር ነው የሠራው። ጠዋት ይረግጡታል፣ ማታ ይረግጡታል፤ ሲሚንቶም ቢሆን ሰብረው ይገባሉ። ይህ ይጻፍ።»

ተናግሮ አልተቀመጠም፤ የሚመጣበትን መልስ ቆሞ ጠበቀ። ወልደ ዮሐንስ «የአንተስ ባሕር ዛፍ?» ማለቱ አይቀርም። ለዚህ ሦስት መልስ አዘጋጅቷል። አንደኛው ስለ ዝናብ፣ ሁለተኛው ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ባሕር ዛፍ፣ ሦስተኛው ደግሞ ስለ ወልደ ዮሐንስ አባት ነበር፤ ሦስተኛው ሰው አያስታርቅም።

ወልደ ዮሐንስ ተነሳ። ዱላውን ተደገፈና ትንሽ አሰበ።

«እውነት ነው» አለ። «ከብቶቼ ይረግጡታል። ጎረቤቶቼ ሲያዩኝ ከርመው በይሉኝታ ዝም አሉኝ እንጂ ነገሩ ልክ ነው። ጻፊው ትሕትና፣ እህቴ። በረቱን ከጾም በፊት ወደ ማዶ አዞረዋለሁ።» ይህን ብሎ ተቀመጠ።

ትሕትና ጻፈች።

እንዳለው ሦስቱን መልስ በጉሮሮው ይዞ ቆመ። የሚውጠውም የሚተፋውም አጣ። ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሰውየው እንዲህ በቀላሉ እጅ የሚሰጠው ምን ሸር ቢያስብ ነው? ወልደ ዮሐንስ እንኳን ስለ ባሕር ዛፉ ሊናገር፣ ወደ ዳገቱ ቀና ብሎም አላየም።

ከዚያ የሥራ ድርሻ ማከፋፈል ተጀመረ። ድንጋይና አሸዋ የሚያቀርቡ፣ የጉልበት ሥራውን በተራ የሚያዙ፣ ቦኖውን የሚከፍቱና የሚዘጉ ተመረጡ። ሴቶቹ እማሆይ አስካለ ማርያምን ተጠሪ አደረጉ። በመጨረሻ ሕሊና፣ «የተጻፉትን ሥጋቶች የሚከታተል፣ ሌላም ሲያይ የሚያስጽፍ አንድ ሰው ይቀረናል» አለች።

ወልደ ዮሐንስ እጁን አወጣ። «አያ እንዳለው!»

ሳቅ ፈነዳ። «ኧረ ትክክል ነው!» አለ አንዱ። «ሥጋት ማየት ከእሱ ወዲያ ላሳር!»

«ጎበዝ፣ አትሳቁ» አሉ እማሆይ አስካለ ማርያም። ሽበታም ቅንድባቸውን ቋጥረው እንዳለውን በቀጥታ አዩት፤ ሥጋት ጻፉ ከተባለ ወዲህ በቀጥታ ያየው የመጀመሪያ ሰው እሳቸው ነበሩ። «የሚጠረጥር ሰው ለመንደር ይበጃል። ዋናው ከየት እንደሚጀምር ማወቁ ነው። እንዳለው ይሁን።»

እጅ ሁሉ ተነሳ። ወጥመድ ነው? ከሆነስ ገመዱ የቱ ጋ ነው? እምቢ ቢል «ምን የሚደብቀው ነገር አለ?» ይባላል። እሺ ቢል ደግሞ ገባበት። «ማርያም ካለች» አለ፣ እሺም እምቢም ሳይል።

«እንግዲያው ከመፈረማችን በፊት የሥጋቱን ዝርዝር ለጉባኤው ያንብቡልን» አለች ሕሊና። «ድርሻዎ ከዚህ ይጀምራል።»

ትሕትና ወረቀቱን አቀበለችው፤ ፊቷን አላነሳችም። እንዳለው ፊደል የቆጠረው በልጅነቱ ከየኔታ እግር ሥር ነውና የሚያነበው ሁሉ ዳዊት ይመስለዋል። ጣቱን በመስመሩ ላይ እየጎተተ፣ እያዜመ ጀመረ።

«የሾላ ምንጭ... ሥጋቶች። ሁለተኛ፤ የአቶ ወልደ ዮሐንስ ከብቶች ምንጩን እንዳይረግጡት...» ቆም አለ። ሁለተኛ? ጣቱን ወደ ላይ መለሰ። ከላይ «አንደኛ» ተብሎ ተጽፏል። ከአንደኛ ፊት ለፊት ያለው መስመር ባዶ ነበር።

መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ ልጁ ተሳሳተች የሚል ነው። ትሕትና ግን ቁጥር አትስትም። ቀና ብሎ ሕዝቡን አየ። አሁንም ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ወልደ ዮሐንስ በዱላው ያንኑ አፈር ይጭራል። ያን ጊዜ ፊታቸው በደንብ ታየው። የተንኮል ፊት ያውቃል፤ ዕድሜ ልኩን ሲፈልገው ኖሯል፤ ይህ ግን ያ አልነበረም። ሰዎቹ አፍረዋል። ያፈሩት ደግሞ ስለ እሱ ነው። ጎረቤት በአደባባይ እንዳይዋረድ ብለው ሦስት ዓመት ሙሉ ከንጋት በፊት ተነስተው ለጀሪካን ውኃ ተራ ጠብቀዋል። ልጁም ከእነሱ ጋር ተሰልፋለች።

«ቁጥሩን አስተካክይው» ቢል የሚቃወመው አልነበረም፤ ይህንን በእርግጠኝነት አወቀ። ሁሉም ይፈርማል፣ ባሕር ዛፉ ይቆማል፣ ከሁለት ክረምት በኋላ ቤቱ ይሠራል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊቱ ማንም አልቆመበትም። እንደዚያ ቀንም ፈርቶ አያውቅም።

ከልጁ ጎን ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ወረቀቱን መለሰላት።

«አንደኛ ላይ ጻፊ» አለ።

«ምን ብዬ?»

«ከምንጩ በላይ ያለው ባሕር ዛፍ ውኃውን ጠጥቶ እንዳይጨርሰው።»

ጻፈች። ከዚያ ወደሚቀጥለው ዓምድ አለፈችና እንደማታውቀው ሰው ጠየቀችው። «ኃላፊው ማን ይባል?»

«እንዳለው አድማሱ» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ዳር ያለው ሰው እስኪሰማ።

ትሕትና ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከራሷ ስም ቀጥላ ስትጽፈው የኖረችውን ስም ጻፈች። «እንዳለው» የሚለውን ብዕሯ ቶሎ ጻፈው፤ «አድማሱ» ላይ ስትደርስ ብቻ ትንሽ ዘገየች።

«ቤትሽስ?» አላት በሹክሹክታ።

«ጭቃውን በምን ውኃ ልናቦካው ነበር፣ አባየ?»

ለዝናቡም፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ባሕር ዛፍም፣ ለወልደ ዮሐንስ አባትም ያዘጋጀው መልስ ለዚህ አይሆንም። ትሕትና ብዕሯን መጨረሻው ዓምድ ላይ አሳርፋ ጠበቀች።

«መቼ ይነቀላል?» አለችው።

«ጾሙ ሳይገባ።»

ጻፈችና እንዲፈርም ብዕሩን ሰጠችው።